ትንኞቹ ኬሚካሉን ከተላመዱ አጎበር ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ ዶክተር፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡርና የአራት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ሁላችንም በኬሚካል በተነከረ አጎበር ሥር እንተኛለን፤ ሆኖም ልጄ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ በወባ ታመመብኝ። ጠዋት ሳየው አጎበሩ ላይ በሕይወት ያለች ትንኝ አላጣም። ትንኞቹ ኬሚካሉን ተላምደውታል ሲባልም ሰምቻለሁ። ታዲያ አጎበሩ ይጠቅመናል? ቤት ውስጥ የሚነፋውን የተባይ መርዝ ብጨምርበትስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ትንኞች ኬሚካሉን መቋቋም ጀምረዋል የሚባለው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አጎበርዎን ለመተው የሚያበቃ ምክንያት አይደለም።

አጎበሮች ለረጅም ዓመታት ሲነከሩ የኖሩት ፓይረትሮይድ በሚባል አንድ የኬሚካል ወገን ነው። ይህ ኬሚካል የትንኟን ነርቭ አውኮ ያሽመደምዳታል። በአጎበርም በእርሻም ላይ ሲደጋገም ግን በተፈጥሯቸው የሚቋቋሙት ጥቂቶቹ እየተረፉ ይባዛሉ። አንዳንዶቹ ኬሚካሉ የሚያርፍበት የነርቭ ክፍል የተለወጠባቸው ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ኬሚካሉን ነርቭ ዘንድ ሳይደርስ የሚሰባብር ኢንዛይም በብዛት ያመርታሉ።

እንዲህም ሆኖ አጎበሩ በእርስዎና በትንኟ መካከል ግርዶሽ መሆኑ አይቀርም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ፦ ትንኝ የወባን ተሕዋሲ ከሰው ደም ከወሰደች በኋላ ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ መኖር ይኖርባታል። ኬሚካሉ ወዲያው ባይገድላትም እንኳ ዕድሜዋን ሊያሳጥረው ስለሚችል፣ ለማስተላለፍ ሳትደርስ ልትሞት ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት በቤኒን፣ በካሜሩን፣ በሕንድ፣ በኬንያና በሱዳን ባስተባበረው ጥናት፣ ኬሚካሉን የሚቋቋሙ ትንኞች ባሉበት አካባቢም ቢሆን አጎበር የሚጠቀሙ ሰዎች ከማይጠቀሙት ባነሰ መጠን በወባ ተይዘዋል።

በእርግጥ አጎበር ሁሉ እኩል አይደለምና የተለጠፈበትን ጽሑፍ ያንብቡ። ፒቢኦ የሚባል አጋዥ ኬሚካል የተጨመረበት ከሆነ ፒቢኦው ያንን ሰባሪ ኢንዛይም ያግደዋል። ክሎርፌናፒር የሚባል ሌላ የተባይ መርዝ የተጨመረበት ደግሞ አሠራሩ ይበልጥ ያስደንቃል። ክሎርፌናፒር የሚመታው ነርቭን ሳይሆን የሕዋሳትን ኃይል ማመንጫ ነው፤ ወደ መርዝነት የሚለውጠውም የትንኟ የራሷ ኢንዛይም በመሆኑ፣ ከፓይረትሮይድ ያዳናት ነገር እዚህ ይጎዳታል። በታንዛኒያ በተደረገ ሰፊ ጥናት ይህ አጎበር ፓይረትሮይድ ብቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር በሁለት ዓመት ውስጥ የልጆችን የወባ ሕመም በ44 በመቶ የቀነሰ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ትንኞች ፓይረትሮይድን በሚቋቋሙበት ቦታ እንዲሠራበት መክሯል። ምርጫ ካለዎት እኔም ይህንኑ እመርጥልዎታለሁ። ክሎርፌናፒር ቀስ ብሎ ስለሚገድል ትንኟ እስከ ሦስት ቀን ልትቆይ ትችላለች፤ ስለዚህ ጠዋት በሕይወት ስላገኟት ብቻ አጎበሩ አልሠራም ለማለት አይቻልም።

የሚነፋውን መርዝ ግን እባክዎ አጎበሩ ላይ አይጨምሩ። ብዙውን ጊዜ ያው ፓይረትሮይድ ስለሆነ ለተላመደችው ትንኝ አዲስ ነገር አይሆንባትም፤ እርስዎንና ልጅዎን ግን ያለጥቅም ለኬሚካል ያጋልጣል። ከዚያ ይልቅ ቀዳዳውን ፈልገው ይስፉ፣ ጠርዙንም ከፍራሹ ሥር ያስገቡ። የልጅዎ ክንድ አጎበሩን ተደግፎ ካደረ ትንኟ ከውጭ ሆና ልትነድፈው ስለምትችል ሰፋ አድርገው ይዘርጉት። ሲያጥቡት ያለ በረኪና፣ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይሁን፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ስለሚያዳክመው በጥላ ያድርቁት።

የልጅዎ ሁለተኛ ሕመም ከመኝታ በፊት ከተነደፈው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የግድ ከአዲስ ንድፊያ ላይሆንም ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሻል። የምርመራ ውጤቱን ይዘው የትኛው ዓይነት እንደነበረ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ቫይቫክስ ከሆነ የተደበቀውን የሚያጠፋ ተጨማሪ መድኃኒት አለ። ይህ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ ከልጅዎ ተካፍለው እንዳይወስዱ።

በእርግዝና ወቅት የሚይዝ ወባ ለከባድ ደም ማነስ፣ ለውርጃና ለሕፃኑ ክብደት ማነስ ስለሚዳርግ፣ በአጎበሩ ሥር መተኛትዎን አንድም ሌሊት አያቋርጡ። እርስዎ ወይም ልጅዎ ትኩሳት ከተሰማችሁ ሌሊቱን ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት የደም ምርመራ አድርጉ።