የአይጥ ባት ጡንቻ ኃይል በየልኬቱ ሲወርድ

የትልቁን የላብራቶሪ አይጥ ሳያቲክ ነርቭ (ከዳሌ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ) በኤሌክትሪክ እያነቃቁ የባቱን ጡንቻ ኃይል ሲለኩ፣ የመጀመሪያዎቹ ንባቦች እኩል ሆነው ቀጣዮቹ እየወረዱ እንዳስቸገሩዎት ጽፈው፣ ቮልቴጁን መጨመር ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይገባም። እኛንም የገጠመን ስለሆነ በቅደም ተከተል ልመልስልዎ።

1. ቮልቴጅ የሚወሰነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 0.2 ሚሊሴኮንድ በሚቆይ ነጠላ ምት፣ ኃይሉ መጨመሩን እስኪያቆም ድረስ ከፍ ያደርጉና ጥቂት አልፈው ይተዉታል። ከዚያ በላይ የሚጨምሩት ወደ አጎራባች ጡንቻዎች ስለሚፈስ የማንን ኃይል እንደሚለኩ አያውቁም። ወደ ፊተኛው የእግር ጡንቻ የሚሄደውን የነርቭ ቅርንጫፍ አስቀድመው መቁረጥዎን እገምታለሁ።

2. ኃይሉን የሚለካውን ሴንሰር አቅም ይመርምሩ። እዚህ ላይ የግዥ ክፍላችንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። 50 ኒውተን የሚችል ሴንሰር በጽሑፍ ጠይቀን ሳለ፣ ዋጋው ረከስ ስላለ ብቻ ለትንሿ አይጥ የሚሆን ባለ 5 ኒውተን ገዝተው አመጡልን፤ ስንቃወም «ሁለቱም ኃይል ይለካሉ» የሚል መልስ ሰጡን። በ100 ኸርዝ (በሴኮንድ 100 ምት) ስናነቃቃ የግራፉ አናት እንደ ምጣድ ዝርግ ሆኖ ወጣ፤ ባልደረቦቼም እንዲህ ያማረ መኮማተር አይተን አናውቅም አሉ። እኔ ግን ወጣቱም ያረጀውም አይጥ አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠቱ አልተዋጠልኝም። ከኬሚስትሪ ክፍል የሚዛን ድንጋይ ተውሼ ሴንሰሩ ላይ ባንጠለጥል፣ 500 ግራምን ጥቂት እንዳለፈ ንባቡ ቆመ፤ ኪሎ ብሞላውም ንቅንቅ አላለም። የዚህ አይጥ ባት ከ10 ኒውተን በላይ ሊስብ ይችላልና፣ ስናደንቀው የከረምነው የሴንሰሩን ጣሪያ ነበር። ግዥ ክፍሉ ግን ካርቶኑ ተከፍቷል በሚል ሰበብ ለመመለስ እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም። የእርስዎም እኩል ንባቦች ይህንኑ ይመስሉኛል፤ እንደዚያ ከሆነ ኃይሉ መውረድ የጀመረው እርስዎ ከማየትዎ በፊት ነው።

ኃይሉን በሚያወርደው ነገር ላይ ግን እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የጡንቻውን ጅማት ከሴንሰሩ ጋር የሚያያይዘውን ክር ነው። የሐር ክር በረጠበ ጅማት ላይ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ጡንቻው ከተመቸው ርዝመት ያጥርና ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ጅማቱን ሲለዩ ከተረከዙ አጥንት ቁራጭ አብሮት እንዲቀር አድርገው፣ ቋጠሮውን ከአጥንቱ ከፍ ብለው ያጥብቁት። በሙሉ መኮማተሮች መካከል ሁለት ደቂቃ ያህል ያሳርፉት፤ ነርቩም በሞቀ የፓራፊን ዘይት ይሸፈን። ኃይሉ ሲወርድ ጡንቻውን በጥቂቱ ሳብ አድርገው በነጠላ ምት ይሞክሩት፤ ከተመለሰ ቋጠሮው ተንሸራትቷል፣ ካልተመለሰ ግን ወይ ጡንቻው ደክሟል፣ ወይ ነርቩ ደርቋል።