ትናንት የሰጠሁትን ደም ዛሬ ደግሞ ለምን?

በሆስፒታል ላብራቶሪ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ስለሚደጋገሙ ምርመራዎች የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ተላከች። የደም ውጤቷን ይዘን ብንሄድም ሐኪሙ ሳያየው «እንደገና ይሠራ» አለ። ገንዘብ ለመብላት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጣጣው ወረቀቱ ነው። በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ብጣሽ ስንት ጊዜ ፈትቻለሁ፤ «ሄሞግሎቢን 9» ይላል፤ ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ማኅተም የለው። ማን ይመነው? የተሟላ ውጤት ከያዙ ግን ሐኪሙ እንዲያየው አጥብቀው ይጠይቁ፤ በስልክም ፎቶ ያንሱት። ደም እየፈሰሳት ከነበረ ግን የትናንቱ ቁጥር ለዛሬ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። የሦስት ወሩን ምርመራ በየወሩ ባሠራ ምን ይጎዳኛል?

መልስ፦ ኪስዎን። ምርመራው የሚለካው በቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሴሉ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር በወሩ ሲለኩት ያለፉት ወራት ወሬም አብሮ ይነበባል።

ጥያቄ፦ የታይፎይድ መድኃኒቴን ጨረስኩ፤ ትኩሳትም የለኝም። ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ ሳሠራ ግን አሁንም «አለብህ» ተባልኩ።

መልስ፦ ይህ ምርመራ ያንገበግበኛል። ዊዳል ባክቴሪያውን አያይም፤ የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ከዳኑ በኋላ ለወራት ሊቆይ ይችላል። «ድኛለሁ ወይ?» ለማለት ዊዳል መድገም ከንቱ ነው፤ ጤነኛውን ሰው ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ያስውጠዋል። የጨጓራ ባክቴሪያ የደም ምርመራም ያው ነው። እዚያ መዳንዎን የሚነግርዎ የባክቴሪያውን የራሱን አካል በሰገራ ውስጥ የሚፈልገው የአንቲጅን ምርመራ ነው፤ እሱም መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ለፖታሲየም የላክነውን «ናሙናው ተበላሽቷል» እያላችሁ ትመልሱብናላችሁ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትቀየሚኝና አንዳንዴ የእናንተ ነው። በሲሪንጅ የተቀዳ ደም በመርፌው በኩል በኃይል ወደ ቱቦ ሲገፋ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን (ሴንትሪፉጅ) ሲቆም ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ የቀይ ሥር ጭማቂ መስሎ ይወጣል፤ ከሴሎቹ የፈሰሰው ፖታሲየምም ቁጥሩን ያለ አግባብ ያንረዋል። የእኛም ኃጢአት አለ፤ ደሙን ሳንለየው ለሰዓታት ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን።

ጥያቄ፦ ወባ የለብህም ተባልኩ፤ ነገ ተመልሰህ ተመርመር ደግሞ ይሉኛል። ይህስ?

መልስ፦ ይሂዱ። ተሕዋሲው በደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን ከአንድ ስላይድ ሊያመልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ የደም ዓይነቴ ካርዴ ላይ ተጽፏል። ደም ሊሰጡኝ ሲሉ ለምን ደገሙት?

መልስ፦ የእርስዎ የደም ዓይነት አይለወጥም፤ የናሙና ቱቦ ግን በስህተት ከሰው ሰው ሊለዋወጥ ይችላል።