ተጎድታችሁ ከሜዳ አትጥፉ

ልጆቼ፣

በወጌሻነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ከእግር ኳስ ቡድን ጋር፣ ኋላ ከሯጮች ጋር። ስንት ባት፣ ስንት ጉልበት፣ ስንት ተረከዝ በእጄ እንዳለፈ አላውቅም። የሚጠይቁኝ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ "ጋሼ፣ መቼ ነው የምሮጠው?" ሲሰሙት ስለ እግር ይመስላል። ውስጡ ግን "ካልሮጥኩስ እኔ ማን ነኝ?" የሚል ፍርሃት አለ።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ሱሉልታ ወይ ሰንዳፋ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይታችሁ፣ በዚያ ብርድ ሌሊት የምትነሱት ለጨዋታ አይደለም። አገር ቤት የሚጠብቅ ሰው አለ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ የቅልጥሟን ሕመም ሁለት ወር ደበቀችን። ክለቡ ያሰናብተኛል ብላ ፈርታ ነው። ጠዋት ጠዋት ፋሻ ትጠቀልልና ረጅም ካልሲ ታጠልቅበታለች። በመጨረሻ ደረጃ መውረድ አቃታት። ስትመረመር አጥንቷ ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በጊዜ ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ በስድስትና በስምንት ሳምንት እረፍት ይሽራል። እሷ ግን ስትሮጥበት ስለከረመች ወራት ፈጀባት።

ውጤቱ ሲነገራት አላለቀሰችም። ያለቀሰችው እናቷ ደውለው "ልጄ፣ ውድድሩ መቼ ነው?" ያሏት ቀን ነው። "ደህና ነኝ እማ፣ በቅርቡ ነው" ብላ ዘጋችና ተንሰቀሰቀች። አንጀቴን በላችው። ቆይተን መልሰን ደወልንና እውነቱን ነገርናቸው። እናትየው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "እኔ የወለድኩት እሷን ነው እንጂ ሩጫዋን ነው እንዴ?" አሉኝ። ልጅቷ ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሐዘኑንም ቢሆን አትደብቁት። አልቅሱ፤ ወንዶቹም አልቅሱ። ግን ብቻችሁን አይሁን።

ይህን የምለው ስለማውቀው ነው። በ19 ዓመቴ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ተበላሸ። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጓደኞቼ ሲመጡ "የለም በሉ" እል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በሜዳው በኩል ላለማለፍ መንገድ አዞርኩ። ዛሬ ሳስበው ከጉልበቴ ይልቅ የጎዳኝ ያ መጥፋት ነው። ስለዚህ ተጎድታችሁም ልምምድ ቦታ ኑ። ሰዓት ያዙ፣ ውሃ አቀብሉ፣ ከልጆቹ ጋር ቁርስ ብሉ። ሐኪሙ ከፈቀደ ብስክሌትና ዋና አለ። ጓደኞቻችሁ ሲያሸንፉ ማየት ካንገበገባችሁ የዚያን ቀን ስልኩን ዝጉት። ቅናት አይደለም፣ ቁስል ነው። እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ "መኖር ምን ያደርግልኛል" የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ለነገ አታሳድሩት። በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። የአእምሮ ሐኪም ማየት እግርን ከማሳየት አይለይም።

የቀነኒሳን ታሪክ ሳይነግሯችሁ አይቀሩም። (ዓመቱን በፈረንጅ ልጥራው።) በ2009 በርሊን የዓለም ሻምፒዮና ላይ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ባቱ ተጎዳና ረጅም ጊዜ ከውድድር ራቀ። በ2011 በደቡብ ኮሪያው የዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ላይ 10,000ውን አቋረጠ። ብዙ ሰው አበቃለት አለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ በ26:43 አሸነፈ። በ2019 ደግሞ በርሊን ማራቶንን 2:01:41 ገባ፤ ከጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ።

ደስ ይላል። ግን ሁሉም እንደዚያ ይመለሳል ብዬ አልዋሻችሁም። እኔ የአበበ ቢቂላን መጨረሻም አስባለሁ። በ1964 ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ወርቅ ያገኘ ሰው፣ በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩ እምቢ ብሎት አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። በ1969 የመኪና አደጋ ደረሰበትና ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ላይ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ያን ሁሉ ክብር ያየ ሰው፣ በማያውቀው ስፖርት እንደ ጀማሪ ሰው ፊት ቀረበ። ልቤን የሚነካው ይሄ ነው።

ተረከዙ ሳይድን የቀረ አንድ ልጅ ነበረኝ። አሁን ሹፌር ነው። ሁለት ዓመት ሩጫ በቴሌቪዥን ማየት አልቻለም ነበር፤ ሲጀምር ተነስቶ ይወጣል። በየጊዜው እደውልለታለሁ፤ ስለ ሩጫ አንስተን አናውቅም። አንድ እሑድ ጠዋት ግን ራሱ ደወለ። "ጋሼ፣ ማራቶኑን እያዩ ነው?" አለኝ። ስልኩን ሳንዘጋ እስከ መጨረሻው አብረን አየን።