ድዴ መድማቱን አቆመ፤ ጥርሴ ግን ይነቃነቃል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 46 ነው። ከዓመታት በፊት ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማ ነበር። እንዳይብስበት ብዬ የሚደማውን ቦታ መቦረሽ ተውኩ። አሁን አይደማም፣ አያመኝምም። ሆኖም የታችኛው የፊት ጥርሶቼ የረዘሙ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ክፍተት ተፈጥሯል፤ አንዱ በምላሴ ስገፋው ይነቃነቃል። ሲጋራ አጨሳለሁ። በዕድሜ የመጣ ነው ልበል?

መልስ፦ ዕድሜ ብቻውን ጥርስ አያነቃንቅም። ጥርሶችዎም አልረዘሙም፤ አቅፏቸው የነበረው አጥንት ተመናምኖ ድዱ ስለሸሸ ሥራቸው ተጋልጦ ነው። መድማቱ መቆሙ እርስዎን ቢያጽናናም እኔን አሳስቦኛል። ሲጋራ የድድን የደም ዝውውር ስለሚያዳክም የታመመ ድድ ላይደማ ይችላል። ምልክቱ ይጠፋል፣ በሽታው ግን ከሥር ይቀጥላል።

መነሻው በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚጣበቅ ለስላሳ የባክቴሪያ ሽፋን፣ ማለትም ፕላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ጤናማ ድድ የነበራቸው ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት አቆሙ፤ ከ10 እስከ 21 ቀናት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ዳነ። የእርስዎም ድድ መድማት በጀመረበት ጊዜ ያንኑ ቦታ በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ማጽዳት ያስፈልገው ነበር። ይህን በጊዜው የሚነግርዎ ሰው አለማግኘትዎ ከልብ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ሰው በዚሁ ፍርሃት ድዱን ይጎዳል።

ያልተነሣ ፕላክ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት ጠጥሮ ታርታር ይሆናል፤ ይህን ብሩሽ አያነሣውም። ቀስ በቀስ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይፈጠራል። በጤናማ ድድ የዚህ ክፍተት ጥልቀት ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ሲያልፍ ብሩሽ አይደርስበትም፤ አየር የማይስማማቸው ባክቴሪያዎችም ይባዙበታል። አጥንቱን በአብዛኛው የሚያጠፋው ሰውነት እነርሱን ሲዋጋ የሚፈጥረው የማያባራ ብግነት፣ ማለትም የድዱ መቆጣት ነው። እኩል ታርታር ካላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ቀድሞ ጥርሱን የሚያጣበት አንዱ ምክንያትም ይህ ብግነት ከሰው ሰው መለያየቱ ነው። ሕመም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ ስለዚህ ሕመሙን አይጠብቁ።

በዚህ ሳምንት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የኪሶቹ ጥልቀት ይለካ፣ ራጅ ይነሡ፣ ከድድ በታች ያለው ታርታር ይጠረግ። የጠፋው አጥንት በአብዛኛው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል፣ የላላ ጥርስም ብግነቱ ሲበርድ ሊጠነክር ይችላል። የደም ስኳርዎንም ያስመርምሩ፤ ስኳር የድድ በሽታን ያባብሳል፣ የድድ በሽታም ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሲጋራውን ለማቆም ሐኪምዎ እንዲያግዝዎ ይጠይቁ፤ ማጨስ ካልቆመ ሕክምናው የሚያስገኘው ውጤት ያንሳል። ከጠረጋው በኋላ ጥርስዎ ለጥቂት ጊዜ ቀዝቃዛ ነገር ሊሰማው ይችላል፤ በዚህ ምክንያት መቦረሽ አያቋርጡ። በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ ተመልሰው ይታዩ።