የውጭ ጉዞ ፈቃድ ለምትጠይቁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በመንግሥት ሥራ በኖርኩበት ዘመን ብዙ የውጭ ጉዞ ጥያቄ በእጄ አልፏል። ከሁሉም እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የራሴ ነው። ጥናቱን የሠራው ከሥሬ ያለ ወጣት ባለሙያ ነበር። የግብዣው ደብዳቤ ሲመጣ ግን የራሴን ስም ጻፍኩ። ኃላፊ ስለነበርኩ ማንም አልተናገረኝም። ስብሰባው ላይ ስለ አንድ ቁጥር ተጠየቅኩ፤ ከየት እንደመጣ መመለስ አቃተኝ። የሚያውቀው ልጅ አዲስ አበባ ቢሮው ተቀምጧል። ስመለስ ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ሐሳብ ይዞ ቢሮዬ መጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ከሌላው ሰው ይልቅ እናንተ ለምን እንደምትሄዱ እወቁ። «ልምድ ለመቅሰም» የምትለዋን ተዉአት። ምን ልምድ? ከማን? ተመልሳችሁ የትኛውን አሠራር ልትቀይሩበት? ይህን በሦስት መስመር መጻፍ ካቃታችሁ ጉዞው ገና አልበሰለም።

«ወጪው በጋባዡ ይሸፈናል» የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። ቲኬቱና አበሉ ከመንግሥት ካዝና ባይወጣም የእናንተ ሳምንት ይወጣል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ባለጉዳይ ፊርማችሁን እየጠበቀ አልጋ ይከራያል። ጋባዡ እናንተ ጋ ጨረታ የገባ ድርጅት ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ደብዳቤውን ለአለቃችሁ አሳዩና እምቢ በሉ።

የቀድሞው የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ በ2008 ዓ.ም. ሥልጣን እንደያዙ የባለሥልጣናትን የውጭ ጉዞ ከለከሉ። በየውጭ አገሩ ያሉ አምባሳደሮች ሥራውን ይሥሩት አሉ። ለእኔ ክልከላው በዝቶብኛል፤ ፊት ለፊት ካልተገናኙ የማያልቅ ድርድር አለ። ሐሳባቸው ግን ልክ ነው። ኤምባሲያችን የሚጨርሰው ጉዳይ ከሆነ የእናንተ መሄድ አያስፈልግም።

ጊዜውንም አስቡበት። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ መደበኛ የመጠበቂያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ረዘመ። የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት ለያዙም ክፍያውን የመተው ዕድል ታገደ። ስብሰባው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማመልከቻ ይዞ መሮጥ አለቃን ማስጨነቅ ነው። በጥድፊያ የሚፈረም ፈቃድ አይመረመርም፤ እኔም ሳልመረምር የፈረምኩት አለ።

ሪፖርቱን በተመለሳችሁበት ሳምንት ጻፉ፤ ያመጣችሁትን ሰነድ መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉበት። አሁን የግብዣ ደብዳቤ እጃችሁ ላይ ካለና ጥናቱን የሠራው ከሥራችሁ ያለ ልጅ ከሆነ፣ ፓስፖርቱ ጊዜው እንዳላለፈ ዛሬውኑ ጠይቁት።