ዚፑን እሱ ይዝጋው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ሜሪላንድ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው፤ ሀገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ክፍል ረዳት መምህር መሆን እፈልጋለሁ፤ ግን የተማርኩት ነገር የለም፤ ይቀበሉኛል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ ቨርጂኒያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ይቀበሉሻል።

የወረቀቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ታይትል ዋን የሚባለውን የፌዴራል ድጎማ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ከሃይስኩል በላይ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ወይም ፈተና ይጠይቃሉ። ዲግሪሽን አስገምግሚ። ካልሆነም ፓራፕሮ የሚባል ፈተና አለ፤ 90 የምርጫ ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ንባብ፣ ጽሑፍና ሂሳብ ነው። አሻራ ትሰጫለሽ፣ በቃ። እኔ በምሳ ሰዓት ካፍቴሪያ ልጆች በመጠበቅ ነው የገባሁት።

የሚከብደው ሌላ ነው። እኛ ልጅ ሲቸገር ቆመን ማየት አይሆንልንም። እናጎርሳለን፣ እናለብሳለን፣ ጫማ እናስራለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ኦቲዝም ያለበት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረኝ፤ አይናገርም። ወደ ሜዳ ልንወጣ ስንል የጃኬቱን ዚፕ ይዞ ያየኛል። እኔም ፈጠን ብዬ እዘጋለታለሁ። አንድ ቀን መምህርቷ እጄን ያዝ አድርጋ «እስከ አስር ቁጠሪ» አለችኝ። ቆጠርኩ። ያዘው፣ ለቀቀው፣ አየኝ። የታችኛውን ጫፍ ብቻ አስገባሁለትና እጄን መለስኩ። ሌሎቹ ልጆች ወጥተው አልቀዋል። ሳብ አደረገው፤ ደረቱ ላይ ደረሰ። አገጩ ድረስ ለመዝጋት ሁለት ወር ፈጀ፤ እኔ ግን የማልረሳው ያቺን ቀን ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ በሕግ የሚጻፍ ዕቅድ አለ፤ አይኢፒ ይሉታል። «በራሱ ይለብሳል» ተብሎ ግብ ከተጻፈ፣ አንቺ ስታለብሽው የሱን ትምህርት ነው የምትወስጂበት። ስለዚህ ሥራ እንደጀመርሽ የልጆችሽን ግብ አሳዩኝ በይ።

ዳይፐር መቀየር አለ። መነከስም አለ፤ ክንዴ ላይ ምልክቱ አለ። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ብዙ ቦታ የሚከፈለው ለአስር ወር ነው። ኢንሹራንሱን ግን ጠይቂ፤ ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።

አማርኛሽም ይፈለጋል። አንድ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዲት እናት በልጇ ስብሰባ ላይ «ኦኬ፣ ኦኬ» እያለች ፈርማ ወጣች። ኮሪደር ላይ ይዛኝ «ልጄን ምን ሆነ አሉት?» አለችኝ። አስተርጓሚ አልጠሩላትም ነበር። ለስብሰባው አስተርጓሚ ማዘጋጀት የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ በነፃ። ያገኘሻቸውን እናቶች ሁሉ ይህን ንገሪያቸው። የልጆቹን ነገር ግን ከትምህርት ቤት ውጭ አታውሪ፤ በተለይ ቤተ ክርስቲያን። ስንት እናት ወሬ ፈርታ ልጇን ቤት አስቀምጣለች።

እናንተ ጋ «ፓራኤጁኬተር»፣ እኛ ጋ «ኢንስትራክሽናል አሲስታንት» ነው የሚሉት፤ በዚያ ስም ፈልጊ። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩሽ ጻፊልኝ፤ በስልክ አብረን እንለማመዳለን።