«ገባህ ወይ?» አትበሉ

ውድ ወጣቶች፣

የወታደር አነጋገር ከውጭ ለሚሰማው ሰው ቁጣ ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ብታጤኑት ግን እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ የተቀመጠ ነው። በየመሥሪያ ቤታችሁ ይጠቅማችኋልና ጥቂቱን ልንገራችሁ።

በኔቶ አገሮች የሬድዮ ሥርዓት «ሮጀር» ማለት «መልእክትህ ደርሶኛል» ነው፤ እሺ ማለት አይደለም። «ተረድቻለሁ፣ እፈጽማለሁ» የሚል ሰው «ዊልኮ» ይላል። እኛ ግን ሁለቱንም «እሺ» በምትባል አንዲት ቃል ላይ ስለምንጭን፣ አንዱ ሥራው ተጀምሯል ብሎ ሲጠብቅ ሌላው ሰምቶ ብቻ ይቀመጣል። ያልተሰማ ነገር ሲኖርም «ሴይ አጌይን» እንጂ «ሪፒት» አይባልም። በመድፈኞች ቋንቋ «ሪፒት» ያንኑ ተኩስ ድገም ማለት ነዋ! የእንግሊዝኛ ፊደሎቹ «ቢ» እና «ዲ» በጫጫታ ውስጥ ስለሚምታቱ ደግሞ «ብራቮ»፣ «ዴልታ» ተብለው ይጠራሉ። የዕቃ መለያ በስልክ ስትሰጡ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

የጽሑፍ ትዕዛዝ አምስት ክፍል አለው፦ ሁኔታ፣ ግዳጅ፣ አፈጻጸም፣ ስንቅና ትጥቅ፣ ዕዝና ግንኙነት። ከሁሉም የሚከብደው ግዳጁ ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት እና ለምን የሚሉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ አለበት። «ለምን» የምትለዋን በፍጹም አትዝለሉ፤ ሁኔታው ሲለወጥ የበታቹ በራሱ የሚወስነው እሷን ይዞ ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 1854 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ክሪሚያ ውስጥ ባላክላቫ ላይ የሆነውን ተመልከቱ። የእንግሊዙ አዛዥ ሎርድ ራግላን ጠላት መድፎቹን እንዳይወስድ ፈረሰኛው ይከላከል ሲል አስጽፎ ላከ። እሱ ከኮረብታ ላይ ስለነበር መድፎቹ ይታዩታል፤ ከታች ሸለቆው ውስጥ ለነበረው ለፈረሰኛው አዛዥ ለሎርድ ሉካን ግን አይታዩትም። የትኞቹ መድፎች እንደሆኑ ቢጠይቅ፣ መልእክተኛው ሻምበል ኖላን እጁን ወደ ሸለቆው አቅጣጫ ዘረጋ። 670 ያህል ፈረሰኞች ሌሎች መድፎች ወደተጠመዱበት ጋለቡ፤ ከመቶ በላይ ሞቱ። ላኪው የሚያየውን አንባቢውም የሚያይ መስሎት ነበር።

የወታደሩን ሁሉ ቅዱ አልላችሁም። አንዱ ደካማ ጎኑ የምሕጻረ ቃል ብዛት ነው፤ አዲስ ሰው ግራ ይጋባል፣ ለመጠየቅም ያፍራል። እሱን ተዉት።

ይልቅ መልሶ ማስረዳትን ልመዱ። ትዕዛዝ የተቀበለው ሰው ወዲያው በራሱ አባባል ግዳጁን፣ ዓላማውንና የሚጀምርበትን ነገር መልሶ ለአዛዡ ይናገራል። «ገባህ ወይ?» ለሚል ጥያቄ ሁሉም «አዎ» ይላል፤ «ከምን ትጀምራለህ?» ሲባል ግን ያልገባው ይታወቃል። አለቃችሁ ባይጠይቃችሁ እንኳ ከመሄዳችሁ በፊት፣ «ሐሙስ ከቀኑ በ9 ሰዓት ሪፖርቱን ለገንዘብ ክፍል አደርሳለሁ፤ ዓላማው ክፍያው እንዳይዘገይ ነው፤ አሁን ደረሰኞቹን ልሰብስብ» በሉት። ስህተት ካለ እዚያው ያርማችኋል፤ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው።